«የውስጥ መብራት አብራ!»

መኪናዬ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ጨለማ ነበር። አራት ዓመት ስል እያጋነንኩ አይደለም። የጣሪያዋ አምፖል የተቃጠለችው የመጨረሻው ልጄ አንደኛ ክፍል የገባ ሰሞን ነው፤ የተተካችው ደግሞ አምስተኛ ሲገባ። በመሀል ያለውን ዘመን በዳሰሳና በሞባይል መብራት አሳለፍነው።

ሰው ለአንዲት አምፖል ብሎ እንዴት አራት ዓመት በጨለማ ይቀመጣል? ትሉ ይሆናል። ይቀመጣል። መጀመሪያ «ነገ እቀይራታለሁ» ይላል። ቀጥሎ «ለአንድ አምፖል ብዬ ጋራዥ አልሄድም፤ ሌላ ነገር ሲበላሽ አብሬ አሠራታለሁ» ይላል። ሌላ ነገር መበላሸቱ አይቀርም፤ ያ ሌላ ነገር ግን ፍሬን ወይም ካምቢዮ ስለሚሆን ኪስ ተራግፎ አምፖሏ ትረሳለች። ከዚያ በኋላ መርሳቱም ያበቃና መልመድ ይመጣል። በሩ ሲከፈት የማይበራው መብራት ድሮም ያልነበረ ይመስላል። ቁልፍ የወደቀበት ወንበር ሥር እጁን ከትቶ ይፈልጋል፤ ቀበቶ የሚያስረውም መሰኪያውን በጣቱ እየዳበሰ ያስራል።

«ደግሞስ ምን ያደርግልኛል?» እል ነበር። «መኪና የሚነዳው ወደ ውጭ እየታየ ነው።» አባባሏ ትክክል ትመስላለች አይደል? አራት ዓመት ያገለገለችኝም ለዚሁ ነው።

ይህን ስላችሁ ለመኪናዬ ስስታም ነኝ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ሦስት ባለቤት ያየች ኮሮላ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህማ እንደ ቤተሰብ ነው የያዝናት። በእነዚያው አራት ዓመታት የፊት መብራቷን ሁለት ጊዜ አስቀይሬያለሁ። ሁለተኛው ከሩቅ የሚያስፈራ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚያስጨፍንና እናትና አባቴን የሚያሰድብ ነጭ መብራት ነው። የኋላ ፍሬቻዋ ደግሞ በተቃጠለ በማግሥቱ ተቀይሯል። ትራፊክ ይቀጣላ!

ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። መንገደኛ የሚያየው መብራት አንድ ሌሊት ብቻ ጠፍቶ አደረ። እኔና ቤተሰቤ ብቻ የምናየው አራት ዓመት። አባቶቻችን «ለውጭ አልጋ ለቤት ቀጋ» ሲሉ አምፖል አልነበራቸውም እንጂ እኔን በደንብ ያውቁኝ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንድ እሑድ ማታ ነው። ከኮተቤ፣ ከአማቴ ቤት፣ ወደ ቤታችን እየተመለስን ነበር። አማቴ ሰማንያውን አልፈዋል። እኔ እንደ ወትሮዬ ሳሎን ከወንዶቹ ጋር ኳስ ሳይ፣ ባለቤቴ ከእናቷ ጋር ጓዳ ነበረች። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፣ ኳሱም አለቀ፣ ሦስት ሰዓት ሲል ተሰናብተን ወጣን። በሰፈሩ መብራት ጠፍቷል። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ገባች፤ ዘጋችው። መኪናዋ ውስጥ ምንም አልበራም።

«ቀበቶ አሰርሽ?» አልኳት።

«እህ» አለች። ሄድን።

መንገዱን ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለተቆፈረው መንገድ፣ ዳኛው እያየ ስላለፈው ፍጹም ቅጣት ምት። እሷ «እህ»፣ «እሱማ»፣ «ይሁና» ትላለች። ለእኔ እየተጨዋወትን ነበር።

መገናኛን አለፍ እንዳልን ፍተሻ ገጠመን። አዲስ አበባን በማታ የነዳ ሰው ሥርዐቱን ያውቀዋል፤ ፍጥነት ይቀነሳል፣ መስታወት ይወርዳል፣ የውስጥ መብራት ይበራል።

«የውስጥ መብራት አብራ!» አለ ፖሊሱ።

«ተቃጥሏል፣ ወንድሜ።»

የእጅ ባትሪውን አበራ። ብርሃኑ መጀመሪያ እኔ ፊት ላይ፣ ቀጥሎ የኋላ ወንበር ላይ፣ በመጨረሻ ባለቤቴ ላይ አረፈ። አረፈና እዚያው ቀረ። ከብርሃኑ ጋር እኔም ዞርኩ። ባለቤቴ ታለቅሳለች። ያኔ የጀመራት ልቅሶ አይደለም። ዓይኗ አብጧል፤ የነጠላዋ ጫፍ ርሷል፤ ከኮተቤ ጀምሮ ስታለቅስ እንደመጣች ማንም ያየ ያውቃል። እኔ ነኝ ያላየሁት።

የፖሊሱ ድምፅ ተለወጠ። «እህቴ፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ሰውየው ምንሽ ነው?»

«ባለቤቴ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

እስቲ መልሱልኝ! አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሚስቱ ምን እንደሆነች በፖሊስ ሲጠየቅ ምን ይላል? «አላውቅም» ቢል ለፖሊሱ ጥርጣሬ ነው፤ ለሚስቱ ደግሞ ከጥርጣሬ የባሰ ነገር ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የታደገችኝ እሷ ናት።

«እናቴ አሟት ነው» አለችው።

ለእኔ ያልተነገረኝ ለፖሊስ ሲነገር ሰማሁ። ልጁ ባትሪውን ዝቅ አደረገ። «እግዜር ይማራቸው» አላት። ለእኔ ግን «አምፖሏን አሠራት» ብቻ ብሎ አሳለፈኝ። ቅጣት ቢጽፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን ዳር ይዤ አቆምኩ። ያኔ ነገረችኝ። ቡናውን አፍልታ፣ የመጀመሪያውን ስኒ ለእናቷ ሰጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አማቴ ፉት አሉና መረቋት። ከዚያ «ባለሙያ ነሽ፤ የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

«የቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ» አለችኝ ባለቤቴ። «ስቄ ሳያት መልሱን እየጠበቀች ነው።»

በጨለማ ነው ይህን የተነጋገርነው። ፊቷን ላየው ብዬ እጄ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ሄደ። ማብሪያውን ተጫንኩት። አልበራም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት ስለ አማቴ ብቻ አልነበረም፤ ስለዚያች ማብሪያም ጭምር ነው። ብዙዎቻችን ልብ ብለን አይተናት አናውቅም። ሦስት ቦታ አላት። በአንደኛው ሁልጊዜ ትጠፋለች፣ በሌላኛው ሁልጊዜ ትበራለች፤ መካከለኛው ላይ ደግሞ «ዶር» ተብሎ ተጽፎባታል። መካከል ላይ ከተተወች በሩ ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ትጠፋለች። በሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ጉጥ ነገር ናት ይህን የምታደርገው፤ በር ሲዘጋ ትጫናለች፣ ሲከፈት ትለቀቃለች።

እንግዲህ አስቡት። መሐንዲሱ ይህን ሲሠራ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንዲነዳ አላሰበም። ሊያስብም አይችልም፤ የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፣ የለመደውን ለማጣት ግን አንድ ቦግ ያለ ብርሃን ይበቃዋል፤ የውስጡ ሲበራ መስታወቱም የራስን ፊት መልሶ ያሳያል። ስለዚህ በጉዞ ላይ ትጠፋ ዘንድ ተገቢ ነው። መሐንዲሱ ያሰበው ስለ ሁለት ቅጽበት ነው፤ ሰው ሲገባና ሰው ሲወጣ። ወንበሩን፣ ቀበቶውን፣ የረሳውን ዕቃ እንዲያይ ብሎ ይሆናል። ለእኔ ግን ያን ሌሊት ሌላ ትርጉም ሰጠችኝ። መኪናህ ውስጥ ሰው ገብቷልና ዞር በልና ፊቱን እየው ትላለች።

እናቴ አምፖል በሌለበት አገር ሳለች ይህን ታውቀው ነበር። ማታ ደጃፍ ላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሲሰማ ኩራዙን አንሥታ ትሄዳለች። በሩን ከፍታ ኩራዙን ከፍ ታደርግና የመጣውን ሰው ፊት ታየዋለች። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሰላምታውንም ትተወውና «ፊትህ ልክ አይደለም፤ ምን ሆነህ ነው?» ትላለች። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ምሎ ቢገዘትም አትሰማውም። አፉን ሳይሆን ፊቱን ነበር የምትጠይቀው።

እኛ ዛሬ የምንጠያየቀው አፍ ለአፍ ነው። «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው።» «ቤተሰብ ደህና?» «ደህና።» መልሱን ስለምናውቀው ጠያቂውም ተጠያቂውም ሳይተያዩ ይተላለፋሉ። የማታ ታክሲ ተሳፈሩና እዩ። ጋቢናውና ኋላው ጨለማ ነው፤ መብራት የሚበራው ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ነው። ብሩ ይታያል፣ መልሱ ይቆጠራል፣ መብራቱ ይጠፋል። ያን ያህል ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ሲሄድ ያየው ነገር ቢኖር የብር ኖት ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ እያንዳንዱን ፊት የሚያበራው የየራሱ ስልክ ነው፤ ያ ብርሃን ደግሞ ለባለ ስልኩ እንጂ ለጎረቤቱ አይደለም።

ቤታችንስ? እንግዳ የሚገባበት ሳሎን ስድስት ክንድ ያለው ዝርግ መብራት ተንጠልጥሎበት፣ እናት ቀኑን ሙሉ የምትውልበት ኩሽና ውስጥ አንዲት የደከመች አምፖል የምታንገላታው ስንቱ ነው? ግንቡ ላይ አላፊ አግዳሚ የሚያየው መብራት ተደርድሮ፣ ልጅ የሚያጠናበት ክፍል የሚብለጨለጨው ስንቱ ነው? ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ አልቆጠርኩትም። ከራሴ ቤት ግን ተነሥቼ መቁጠር ጀምሬያለሁ።

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። በአራት ዓመት ያልተገኘችው ቀን በአንድ ምሽት ተገኘች።

የመለዋወጫ ሱቁ ልጅ አሮጌዋን ተቀብሎ አገላበጣት። ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ በሁለቱም ጫፏ የብረት ቆብ የደፋች የመስታወት ቧንቧ ናት፤ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 10 ዋት። «ጋሼ፣ ይቺን ማን ያስገባል አሁን? ኤልኢዲ ውሰድ» አለኝ። ደረደረልኝ። ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ ከሙዚቃው ጋር የሚጨፍርም አለ። እኔ ነጩን መረጥኩ። «ይሄ 6000 ኬልቪን ነው፣ ቀን ነው የሚያደርግልህ» አለኝ። ቀን የሚለውን ስሰማ ልቤ ተከፈተ። የዳሽቦርዷንም ትንንሽ አምፖሎች ጨምሬ ገዛሁ፤ ሁለቱ ጠፍተው ነበርና የነዳጅ መለኪያዋን በግምት ነበር የማነበው።

ሥራውን ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። ለዚህ ወንድነቴ የከፈልኩት አንድ ፊውዝ ነው። ክዳኗን ጫፉን በጨርቅ በጠቀለልኩት ካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁ፤ እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ፊውዙን ሳልነቅል አምፖሏን በዚያው በብረቱ ካቻቢቴ ጎርጎር ሳደርግ ግን ጭርር አለችና ሬዲዮኑም ጸጥ አለ። ለካ ቁልፍ ቢጠፋም እዚያ ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ አለ። የሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ፊውዙን ለወጠልኝ። አዲሷን ሲያስገባት አልበራችም። «አታላይ ሸጠልኝ!» ስል ልጁ ሳቀና አውጥቶ ገልብጦ መለሳት። ቦግ! «የድሮዋ በየትም ብታስገባት ትበራለች፤ ኤልኢዲ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቯን ትለያለች፣ ጋሼ» አለኝ።

ማታ ባለቤቴን ጠርቼ በሩን ከፈትኩላት። ገብታ ተቀመጠች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ ሳቀች። «ምነው፣ ልታስተኛኝ ነው እንዴ? ቀዶ ጥገና ክፍል አስመሰልከው!» እውነቷን ነው። እሷም እኔም ከሬሳ ሣጥን የወጣን መስለናል። ፊቷ ይታያል፤ የታየው ግን የእሷ ፊት አልነበረም።

ኤሌክትሪሺያኑ ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ፤ የቀረውን አንብቤ ደረስኩበት። ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በተፈጥሮው ሰማያዊ ነው። ቀዩ ኤልኢዲ የተሠራው በ1962 (እ.ኤ.አ.) ቢሆንም ደህና የሚያበራ ሰማያዊ ለማግኘት ሌላ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል፤ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉ ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ነው። በሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚሰጥ ቅብ ሲደረግበት ለዓይናችን ነጭ ይመስላል። ቅቡ ሲያንስ ሰማያዊው ይገንናል፤ ሰውን ያገረጣል። በርከት ሲል የኩራዝ ዘመድ ይሆናል። የኬልቪኑ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቀለሙ ይቀዘቅዛል፤ 6000 የሐኪም ቤት፣ 3000 ደግሞ የቤት ነው። እኔ ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ ነው ብዬ ነው የገዛሁት። ብዙ ነገር የምንገዛው እንዲሁ ነው።

በማግሥቱ ባለ 3000ዋን ቀየርኩ። ልጁ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ይቺ እየበራች ብትቆይ ባትሪ አትጨርስም?»

«የድሮዋ 10 ዋት ነበረች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ብትረሳት ከ45 አምፔር ባትሪህ 10 ያህሉን ትበላብህ ነበር። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ጠዋት መግፋት ነው። ይቺ አንድ ዋት ብቻ ናት። ቁጭ ብለህ ብታወራበትም ችግር የለም» አለኝ። ስለ ምን እንደሚያወራ አላወቀም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አማቴን ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ስንመለስ መሸብን። ከሐኪሙ ያገኘነው መድኃኒትና «ታገሱ» የሚል ቃል ነው፤ ለዚያ ለሽታ አምፖል አይለወጥለትም። ደጃቸው ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ፤ ባለቤቴ እናቷን ልታወርድ የኋላውን በር ከፈተች። መብራቷ በራች። ብርሃኗ ለስለስ ያለ ነው። አማቴ ሊወርዱ እግራቸውን አንሥተው ቆም አሉ። ወደ ልጃቸው ፊት ትክ ብለው አዩ። ስሟን ይጠሩ ይሆን ብዬ በመስታወቱ እጠብቃለሁ። ባለቤቴም ትጠብቃለች።

ስሟን አልጠሩም። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ፊትሽ ልክ አይደለም» አሏት። «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

ማን እንደሆነች አላወቁም። ያዘነች መሆኗን ግን አዩ። እኔ ማን እንደሆነች እያወቅኩ ከኮተቤ እስከ መገናኛ ያላየሁትን።

ባለቤቴ መልስ አልሰጠቻቸውም፤ ከጎናቸው ገብታ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። በሩ እንደተከፈተ ነው። የሰፈሩ መብራት እንደተለመደው ጠፍቷል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «በሩን ዝጉት፣ ባትሪ ይበላል» ብዬ እጮህ ነበር።

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ዋት ናት።